አሌክሳንደር ፑሽኪንና የሰው አፍ

የሰውን ነፃነት የሚያሥሩ ሁለት ኃይሎች አሉ። አንደኛው በግልጽ የሚታየው ነው፤ ይኸውም የገዥ ትእዛዝ፥ የፖሊስ ጥበቃ፥ እሥርና ግዞት ነው። ሁለተኛው ግን ዘብም ሰንሰለትም የለውም፤ እርሱም በቋንቋችን ይሉኝታ ብለን የምንጠራው፥ ሰው ምን ይለኛል የሚል ፍርሃት ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው ይበረታል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሩሲያው ባለቅኔ የአሌክሳንደር ፑሽኪን ሕይወት መልስ ይሰጠዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉ ይሁን።

ፑሽኪን ጁን 6 ቀን 1799 በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከጥንት የሩሲያ መኳንንት ወገን ነበረ፤ እናቱ ደግሞ የአብራም ሐኒባል የልጅ ልጅ ነበረች። ይህ ሐኒባል በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ ቁስጥንጥንያ የደረሰ፥ ከዚያም ወደ ሩሲያው ንጉሥ ወደ ታላቁ ጴጥሮስ የመጣ ብላቴና ነው። ጴጥሮስም በ1705 ክርስትና አነሣውና አሳደገው። በፈረንሳይ አገር የምሽግ ምሕንድስና ከተማረ በኋላ በሩሲያ ጦር ውስጥ እስከ ጄኔራልነት ማዕርግ ደረሰ። የትውልድ ስፍራው ግን ሊቃውንትን እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ገሚሶቹ ከመረብ ወንዝ በስተ ሰሜን ካለው አገር ነው ሲሉ፥ ሌሎቹ በቻድ ሐይቅ አቅራቢያ ከነበረችው ከሎጎኔ ነው ይላሉ። የፑሽኪን ስም ከሌሎቹ የውጭ ደራስያን ስም ይልቅ ለእኛ የቀረበው፥ በአዲስ አበባም በስሙ የሚጠራ አደባባይ የተገኘው በዚህ ዝምድና ምክንያት ነው። እርሱ ራሱም በአፍሪካዊው ቅድመ አያቱ ይኮራ ነበር፤ ስለ እርሱም አንድ ልብ ወለድ ታሪክ ጀምሮ ሳይፈጽመው ቀርቷል።

የዚያን ጊዜ የሩሲያ መኳንንት በቤታቸው የሚነጋገሩት በፈረንሳይኛ ነበረ። ትንሹ አሌክሳንደር የአገሩን ተረትና የሕዝቡን አነጋገር የተማረው ከአያቱና ከሞግዚቱ ከአሪና ሮዲዮኖቭና ነው። በ1811 በፃርስኮዬ ሴሎ አዲስ በተከፈተው ትምህርት ቤት ገብቶ 6 ዓመት ተማረ። በ1815 ለፈተና ቀን የጻፈውን ግጥም በሽማግሌው ባለቅኔ በዴርዣቪን ፊት ቆሞ ሲያነብ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበረ፤ ሽማግሌውም በሰማው ነገር እጅግ ተደነቀ።

ትምህርቱን በ1817 ጨርሶ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥራ ያዘ። በዚያን ዘመን አብዛኛው የሩሲያ ገበሬ ጌታው እንደ ዕቃ ሊሸጠውና ሊለውጠው የሚችል ጭሰኛ ነበረ። ወጣቱ ፑሽኪን በ1817 ስለ ነፃነት፥ በ1819 ደግሞ ስለ ገበሬው መከራ ግጥም ጻፈ። ግጥሞቹ በማተሚያ ቤት ባይታተሙም ወጣቶች በእጃቸው እየገለበጡ አዳረሷቸው። መንግሥትም ይህን በሰማ ጊዜ በ1820 ከዋናው ከተማ አውጥቶ ወደ ደቡብ ሰደደው። በኪሺኔቭና በኦዴሳ 4 ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፥ በሃይማኖት መጠራጠሩን የሚገልጽ ደብዳቤው በመንገድ ተያዘበት። ስለዚህ በ1824 ከሥራው ተሰናብቶ፥ ሚካይሎቭስኮዬ በሚባለው በእናቱ ርስት በፖሊስና በቤተ ክርስቲያን ሹማምንት ጥበቃ ሥር እንዲቀመጥ ታዘዘ። ይሁን እንጂ ግዞቱ ብዕሩን አላሠረውም፤ ቦሪስ ጎዱኖቭ የተባለውን ታላቅ ቴአትር በ1825 የጨረሰው በዚያ ነው።

በዚሁ በ1825 በዲሴምበር ወር ለውጥ የፈለጉ መኮንኖች በሴንት ፒተርስበርግ ተነሡ፤ ነገር ግን በአንድ ቀን ተሸነፉ። 5ቱ ተሰቀሉ፤ ከ100 የሚበልጡት ወደ ሳይቤሪያ ተጋዙ። ከእነዚህም መካከል አያሌዎቹ የፑሽኪን ወዳጆች ነበሩ። በሴፕቴምበር 1826 አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኒኮላስ ባለቅኔውን ወደ ሞስኮ አስጠርቶ፥ በዚያ ቀን በዋናው ከተማ ቢገኝ ኖሮ ምን ያደርግ እንደ ነበረ ጠየቀው። 5ቱ ሰዎች ከተሰቀሉ ገና 2 ወር አልሞላም። ፑሽኪን ግን ከወዳጆቹ ጋራ ይሰለፍ እንደ ነበረ ሳይሸሽግ መለሰ። ንጉሡም ከግዞት ፈታው፤ ዳሩ ግን ከዚያ ወዲያ የጽሑፉ ሁሉ መርማሪ ራሱ ንጉሡ ሆነ፥ የምስጢር ፖሊሱም አለቃ ቤንኬንዶርፍ አካሄዱን ይጠብቅ ጀመር። እንግዲህ በመጀመሪያው ኃይል ፊት ፑሽኪን ይህን በመሰለ ድፍረት ቆመ።

ሁለተኛውንስ ኃይል አላወቀውም ነበርን? ከማንም በላይ ያውቀው ነበር። ከ1823 ጀምሮ የደከመበት፥ በ1833 ተጠቃሎ የታተመው ኤቭጌኒ ኦኔጊን የተባለው የግጥም ልብ ወለድ ስለዚሁ ጉዳይ ይናገራል። ኦኔጊን ዓለም የሰለቸው፥ በሰው ሁሉ ላይ የሚቀልድ ወጣት ነው። በአንድ ግብዣ ላይ በትንሽ ብስጭት ተነሣሥቶ የወዳጁን የሌንስኪን እጮኛ ሲያጫውትና ሲያስደንስ ያመሻል። ሌንስኪም ተቈጥቶ ለዱኤል ይጠራዋል። ዱኤል ማለት ክብሬ ተነካ የሚል ሰው ከበደለው ሰው ጋራ በምስክሮች ፊት በሽጉጥ የሚገጥምበት የመኳንንት ልማድ ነበረ። ሕግ ቢከለክለውም፥ ተጠርቶ የቀረ ሰው በየአዳራሹ ፈሪ እየተባለ መሣቂያ ይሆናል። ኦኔጊን ጥፋቱ የራሱ መሆኑን በልቡ ያውቃል፤ ብላቴናውንም ይወደዋል፤ አንዲት የይቅርታ ቃልም ትበቃ ነበር። ነገር ግን ወሬ አመላላሽ ሰው በመካከል ስለ ገባ፥ የሰነፎችን ሣቅ ፈርቶ ይሄዳል፤ ወዳጁንም ይገድላል። በሰው ሁሉ የሚቀልደው ሰው ለሰው አፍ ባሪያ ሆኖ ተገኘ።

በዚሁ መጽሐፍ ታትያና የምትባል ልጃገረድ አለች። እርስዋ የዘመኑን ልማድ ጥሳ ፍቅሯን አስቀድማ ለኦኔጊን በደብዳቤ የገለጸች፥ እርሱም ምክር ሰጥቶ የመለሳት ናት። ከዓመታት በኋላ እርስዋ የታላቅ ሰው ሚስት ሆና ሳለ ኦኔጊን ፍቅር ይዞት ይለምናታል። እርስዋም እስከ አሁን እንደምትወደው ሳትደብቅ፥ ለባልዋ የገባችውን ቃል እንደማታፈርስ ትነግረዋለች። ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ሁለቱም ለማኅበራቸው ልማድ የተገዙ ይመስላሉ። ልዩነቱ ግን ታላቅ ነው። ኦኔጊን ልቡ የነገረውን ትቶ ሰው የሚለውን አደረገ፤ ታትያና ግን ሰው ቢያውቅም ባያውቅም ኅሊናዋ ያዘዛትን አደረገች። ነፃነት ማለት ሰውን ሁሉ መናቅ ሳይሆን ይህ ይመስለኛል።

ፑሽኪን በ1831 ናታልያ ጎንቻሮቫ የተባለችውን በውበቷ የታወቀች ወጣት አገባ። በወጣትነቱ ስለ ገበሬው መከራ የጻፈው ይህ ሰው፥ ለሠርጉ ገንዘብ ያገኘው አባቱ የሰጠውን 200 ወንድ ጭሰኞች የሚኖሩበትን መንደር በመያዣ አስይዞ ነው፤ እርሱም ከዘመኑ ልማድ ፈጽሞ ያልወጣ ሰው እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል። በ1834 መግቢያ ንጉሡ ለጐልማሶች የሚሰጠውን ዝቅተኛ የቤተ መንግሥት ማዕርግ ሰጠው። ፑሽኪን የ34 ዓመት ሰው ነበርና እንደ ውርደት ቈጠረው። በዚያው ዓመት ለሚስቱ የጻፈውን ደብዳቤ ፖሊስ ከፍቶ ማንበቡን ሲሰማ እጅግ አዝኖ ሥራውን ለመልቀቅ አመለከተ። ነገር ግን ወዳጆቹ ለንጉሡ ውለታ ቢስ እንዳይባል ስለ ወተወቱት ማመልከቻውን መልሶ ወሰደ። ልብስ፥ ሠረገላና ግብዣ የሚጠይቀው የከተማ ኑሮም ዕዳ ውስጥ አስገባው።

በኋላም ዦርዥ ዳንቴስ የተባለ ፈረንሳዊ መኮንን ናታልያን በየግብዣው ይከተላት ጀመር። በኖቬምበር 1836 ፑሽኪንን ሚስቱ ያታለለችው ባል እያለ የሚዘብት፥ ስም የሌለበት ጽሑፍ ለእርሱና ለአያሌ ወዳጆቹ ተላከ። ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ በእርግጥ አልታወቀም። ፑሽኪን የሚስቱን ንጽሕና አልተጠራጠረም፤ በሞት አልጋው ላይ እንኳ ስለ እርስዋ መስክሯል። ነገር ግን የአዳራሹን ሣቅ ሊታገሥ አልቻለም። ዳንቴስ የናታልያን እኅት ቢያገባም ሐሜቱ አልቆመም። በመጨረሻ ሁለቱ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1837 በሴንት ፒተርስበርግ አጠገብ በበረዶ ላይ ተገናኙ። ዳንቴስ ቀድሞ ተኵሶ ሆዱን መታው፤ ፑሽኪንም በወደቀበት ተኵሶ ባላጋራውን በጥቂቱ አቈሰለው። ከ2 ቀን በኋላ፥ ፌብሩዋሪ 10 ቀን፥ በ37 ዓመቱ ዐረፈ። ኦኔጊን ያደረገውን የነቀፈ ብዕር የያዘ እጅ፥ ከ10 ዓመት በኋላ ያንኑ ሽጉጥ ያዘ።

ብዙ ሺህ ሕዝብ ሬሳውን ሊሰናበት መጣ። መንግሥት ሁከት እንዳይነሣ ፈርቶ ሬሳውን በሌሊት ከከተማ አስወጥቶ ከእናቱ መቃብር አጠገብ እንዲቀበር አደረገ። ንጉሡም ዕዳውን ከፈለ። ዳንቴስ ከሩሲያ ተባሮ በአገሩ እስከ 1895 ኖረ። የአዳራሹን ሰዎች ተጠያቂ አድርጎ ግጥም የጻፈው ወጣቱ ሌርሞንቶቭ ወደ ካውካዝ ተጋዘ፤ እርሱም በ1841፥ በ26 ዓመቱ፥ በዱኤል ሞተ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ይሉኝታ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ብቻውን ከይሉኝታ አያድንም። ፑሽኪን በሽታውን ከሁሉ አብልጦ ገለጠው፤ ቢሆንም በእርሱ ሞተ። ስለዚህ ትንንሹን ሣቅ መቻልን በትንሽነት መልመድ ያስፈልጋል፤ ሰዎች ቢሥቁም ይቅርታ መጠየቅን፥ ጓደኞች ሁሉ ቢሄዱም ወደ ክፉ ስፍራ አልሄድም ማለትን ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሚብስ ነገር ነው። ጥይቱን የተኰሰው አንድ ሰው ነው፤ መንገዱን የጠረጉት ግን ወሬውን ያመላለሱትና በየአዳራሹ የሣቁት ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ናቸው። ከእኛ መካከል እንደ ፑሽኪን ባለቅኔ የሚሆኑ ጥቂቶች ናቸው፤ ከሣቂዎቹ መካከል መቈጠር ግን ለሁላችንም የቀረበ ነው። የሌላውን ሰው ነፃነት የምንጠብቀው አስቀድመን አፋችንን በመጠበቅ ነው።