ደጃዝማች ውቤና የሂሳቡ ሰንጠረዥ

ዘንድሮ በሂሳብ ትምህርት ከተማርነው ሁሉ እኔን ያስቸገረኝ፥ ሀ ከሆነ ለ ይሆናል የሚለው አነጋገር ነው። ሀ ውሸት ከሆነ፥ ለ እውነትም ይሁን ውሸትም ይሁን፥ ቃሉ በጠቅላላው እውነት ይባላል። ይህማ ተንኮል ነው ብዬ በእልህ ፈተናው ላይ ሁለቱንም ውሸት ብዬ ጻፍሁ፤ ነጥቤም ተቀነሰ። ነገሩ የገባኝ የአገራችንን ሰው የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምን ታሪክ ሳነብ ነው።

ደጃዝማች ውቤ የሰሜኑ ገዥ የራስ ኃይለ ማርያም ገብሬ ልጅ ናቸው። በ1818 ዓ.ም. ገደማ ሰሜንን ያዙ፤ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በ1823 ዓ.ም. ደብረ ዓባይ ላይ ድል ከሆኑ በኋላ ደግሞ ትግሬን ጨመሩ። በዘመነ መሳፍንት ጦር ሜዳ ያሸነፈ ይገዛል የሚለው የሁሉም እምነት ነበር። እሳቸውም በየካቲት 1834 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ ከራስ ዓሊ ጋር ተዋግተው አሸነፉ፤ ራስ ዓሊም ሸሹ። ነገር ግን በድሉ ደስታ ላይ ሳሉ የራስ ዓሊ ወገኖች ድንገት ደርሰው ማረኳቸው። ሀ ተፈጸመ፥ ለ ግን ቀረ። ከሰንጠረዡ አራት መስመሮች ቃሉን ውሸት የሚያደርገው ይህ አንዱ ብቻ ነው።

ኋላ ተለቀው ወደ ግዛታቸው ተመለሱ። ከተራሮቹ ባሻገር በጃናሞራ የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ሺምፐር የተባለው የጀርመን የእጽዋት ሊቅም በሥራው ረድቷቸዋል። ለራሳቸው ዘውድ አስበው ያሠሩት ነው ይባላል።

እንግዲህ አንድ የደረስጌ ገበሬ ያን ጊዜ፥ ደጃዝማች ውቤ ድል ካደረጉ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ንጉሥ ይነግሣል ብሎ ነበር እንበል። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. የቋራው ካሣ እዚያው ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አድርገው ማረኩ። በሁለተኛው ቀን፥ የካቲት 5፥ አቡነ ሰላማ ካሣን ዐፄ ቴዎድሮስ ብለው በዚያው በውቤ ቤተ ክርስቲያን ቀቡ። ውቤ ድል አላደረጉም፤ ንጉሥ ግን ነገሠ። ታዲያ ገበሬው ዋሸ? አልዋሸም። የተናገረው ውቤ ድል ያደረጉ እንደ ሆነ ስለሚሆነው ብቻ ነው፤ ባያደርጉ ስለሚሆነው ቃል አልሰጠም። ካሣ ሌላ ቦታ ሄደው ነግሠው ቢሆን ኖሮ እንኳ ገበሬውን ሐሰተኛ የሚለው አይገኝም ነበር። እኔ ፈተናው ላይ ያልታየኝ ይህ ነው።

ደረስጌ ላይ ንጉሥ ነገሠ ሲባል ሰምቶ፥ እንግዲያስ ውቤ አሸንፈዋል የሚል ሰው ግን ይሳሳታል፤ ቃሉን ወደ ኋላ አንብቦታልና። ይህን ስሕተት ከክፍላችን ብዙዎች ሠርተነዋል፤ ስም አልጠራም።

ደጃዝማች ውቤ ከዚያ በኋላ ወደ ሥልጣናቸው አልተመለሱም። ልጃቸው ጥሩወርቅ ግን ኋላ የዐፄ ቴዎድሮስ ሚስት ሆነው ልዑል ዓለማየሁን ወለዱ። ውቤ ዘውዱን ቢያጡም የንጉሥ ልጅ አያት ሆኑ፤ ይህን የገመተ ሰው በደረስጌ የነበረ አይመስለኝም።