ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮና የሕፃናት ቁጣ

በየቁምስናው ሕፃናትን የምናስተምር ሁላችን ይህን እናውቃለን። አንዱ ልጅ የሌላውን እርሳስ ይነጥቃል፤ የተነጠቀው ፊቱ ይለዋወጣል፣ እጁን ይጨብጣል፤ ገና ሳንደርስባቸው ድብድቡ ይጀመራል። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን አርጩሜ እናነሣለን፤ የልጁንም ቁጣ በራሳችን ቁጣ ለማጥፋት እንሞክራለን። ከተፈጥሮው ቁጡ ሆኖ ሳለ የብዙ ቁጡ ልጆች አባት ለመሆን የበቃው የቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ ሕይወት ግን ሌላ መንገድ ያሳየናል።

ዮሐንስ ቦስኮ እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 1815 በሰሜን ኢጣሊያ፣ በፒየሞንቴ ግዛት፣ ቤኪ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ስለ ሞተ እናቱ ማርጋሪታ በብዙ ድካም አሳደገችው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ አንድ ሕልም አየ። በሕልሙ ብዙ ልጆች ሲሳደቡ ሰምቶ በቡጢ ዝም ሊያሰኛቸው ተንደረደረ። አንድ ክቡር ሰው ግን ከለከለው፤ እነዚህን ልጆች በየዋህነትና በፍቅር ወዳጆቹ እንዲያደርጋቸውም አስተማረው። ወዲያው ልጆቹ በቆሙበት ስፍራ አራዊት ታዩ፤ አራዊቱም ወደ በጎች ተለወጡ።

ሕልሙ በአንድ ቀን አልተፈጸመም። ከአባቱ የመጀመሪያ ሚስት የተወለደው ታላቅ ወንድሙ አንቶኒዮ መማሩን አጥብቆ በመቃወሙ ቤቱ በጠብ ታወከ፤ ዮሐንስም በ1828 ከቤት ወጥቶ በሰው እርሻ ተቀጥሮ ለመሥራት ተገደደ። በኋላም በኪዬሪ ከተማ ሲማር፣ ሉዊጂ ኮሞሎ የተባለውን የዋህ ጓደኛውን ሌሎች ተማሪዎች ሊደበድቡት በተነሡ ጊዜ ራሱን መግዛት ተሳነው፤ ከተማሪዎቹ አንዱን በትከሻው ይዞ እንደ ዱላ እያወዛወዘ ሌሎቹን መታበት። ኮሞሎ ግን ስለ ረዳው አላመሰገነውም፤ እግዚአብሔር ጉልበት የሰጠው ባልንጀራውን እንዲጎዳበት አለመሆኑን በትሕትና ገሠጸው። ዮሐንስ ይህን ተግሣጽ አልረሳም፤ ለሰዎች ሊያካፍለውም ጻፈው።

በ1841 በቱሪን ከተማ ማዕርገ ክህነት ተቀበለ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 8 ቀን ለቅዳሴ ሲዘጋጅ፣ ባርቶሎሜዎ ጋሬሊ የተባለ ድኻ ልጅ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባ። የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ቅዳሴ እንዲያገለግል ጠየቀው፤ ልጁም አላውቅም ባለ ጊዜ ተቆጥቶ እየደበደበ አባረረው። አባ ቦስኮ ግን ልጁ ወዳጁ መሆኑን ተናግሮ አስጠራው፤ ከቅዳሴ በኋላም በፍቅር አነጋግሮ ማስተማር ጀመረ። ያ ልጅ በዚያው ሄዶ ቢቀር ኖሮ ማን በመለሰው ነበር? ከእርሱ በኋላ ብዙ መቶ ልጆች መጡ።

በ1859 የመሠረተውን ማኅበር በፍራንቸስኮስ ዘሳሌስ ስም የሰየመው የዚህን ቅዱስ ጳጳስ የዋህነት ስለ ወደደ ነው። የማኅበሩ አባላት እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ መቀሌ መጥተው በአገራችንም ሥራቸውን ጀምረዋል። አባ ቦስኮ በ1877 ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ጽሑፍ ሥርዓቱን በምክንያት፣ በሃይማኖትና በፍቅር ላይ አቆመው። መምህሩ አስቀድሞ በልጆቹ መካከል እንዲገኝ፣ ጥፋትንም ከመሆኑ በፊት እንዲከላከል አሳሰበ። ልጅን መምታት፣ ጆሮ መጎተትና በሚያሳምም አኳኋን ማንበርከክ ፈጽሞ እንዲቀር፣ ተግሣጽም ከጥቂት ጊዜ በቀር ለብቻ እንዲሆን አዘዘ። ልጆች ኃይላቸውን በሩጫ፣ በጨዋታና በሙዚቃ እንዲያወጡ ሰፊ ነጻነት ሰጠ።

ይህ ለእኛ ምን ያስተምረናል? በመጀመሪያ፣ የቁጣን ምልክት አስቀድመን እንመልከት፤ የተጨበጠ እጅና የተቋጠረ ፊት ከጡጫው በፊት ይመጣሉና። ሁለተኛ፣ ሕፃኑ ምን እንደ ተሰማው በአፉ እንዲናገር እንርዳው፤ መቆጣቱን መናገር የቻለ ልጅ በእጁ መናገሩን ቀስ በቀስ ይተዋል። መቆጣት በራሱ ኃጢአት አለመሆኑን፣ ባልንጀራን መጉዳት ግን ክፉ መሆኑን ለይተን እናስረዳው። ሦስተኛ፣ ተጣልተው የተለያዩትን ትንፋሻቸው እስኪረጋ ድረስ እንታገሥ፤ ከዚያም እያንዳንዱን ለብቻው ሰምተን፣ ወደ ቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት እናስታርቃቸው። ከሁሉ በፊት ግን የራሳችን ቁጣ ሳይበርድ ለቅጣት አንነሣ። ሕፃን ራሱን መግዛትን የሚማረው ራሱን ከሚገዛ መምህር ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ ጃንዋሪ 31 ቀን 1888 በቱሪን ዐረፈ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1934 በትንሣኤ በዓል ቅድስናውን ዐወጁ። በዱላ ሊያስቆማቸው ይችል የነበረውን ልጆች በፍቅር አቀረባቸው። ነገ በክፍላችን ቁጡ ልጅ ባጋጠመን ጊዜ ይህን እናስታውስ። አማላጅነቱ ከእኛና ከልጆቻችን ጋር ይሁን።