ሠዓሊና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ

ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1924 ዓ.ም. በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲሆኑ፣ በብራና ላይ መጻሕፍትን በመጻፍና በሥዕል በማስጌጥ የታወቁ ባለሙያ ነበሩ። ገብረ ክርስቶስ እናቱን በልጅነቱ በሞት ቢያጣም፣ ቀለምና ብርዕ በማይጠፉበት የአባቱ ቤት ውስጥ በማደጉ የሥዕል ፍቅር ከሕፃንነቱ ጀምሮ አደረበት።

ያ የአባቱ ሙያ ከጥንት የመጣ ሥርዓት ያለው ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ዞሮ ሁለቱ ዓይኖቻቸው ይታያሉ። ክፉዎች ግን ብዙውን ጊዜ በጎን ተስለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ስለዚህ የጥንቱ ሠዓሊ የሰውን መልክ የሚስለው ዓይን እንዳየው ሳይሆን፣ ምስሉ ሊያስተላልፍ የሚገባውን ትርጉም ተከትሎ ነው። ይህን ሐሳብ ልብ ማለት የገብረ ክርስቶስን የኋላ ሥራ ለመረዳት ይጠቅማል።

ገብረ ክርስቶስ በሐረርና በአዲስ አበባ ከተማረ በኋላ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሳይንስ ትምህርት ጀመረ። ይሁን እንጂ ልቡ ወደ ሥዕል ያዘነብል ስለ ነበር ትምህርቱን ሳይጨርስ ተወው። በ1950 ዓ.ም. ገደማ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ጀርመን አገር ሄደና በኮሎኝ ከተማ የሥዕል ጥበብ አጠና። በዚያ ዘመን በጀርመን ኤክስፕረሽኒዝም የተባለው የአሣሣል ፈለግ ሥር የሰደደ ነበር። ይህን ፈለግ የሚከተል ሠዓሊ የነገሮችን መልክ እንዳለ ከመገልበጥ ይልቅ፣ ቅርጻቸውን እየለወጠና ቀለማቸውን እያጎላ የውስጥ ስሜቱን ይገልጻል። ገብረ ክርስቶስም የሰውን ምስል በዚህ መንገድ መሣል ጀመረ፤ ቆይቶም ቅርጽና ቀለም ብቻ የሚናገሩበትን ረቂቅ ሥዕል ያዘ።

ወደ አገሩ ተመልሶ በ1955 ዓ.ም. ሥራዎቹን በአዲስ አበባ ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ አድናቆትም ተቃውሞም ገጠመው። አንዳንዶች አዲሱን ጥበብ በደስታ ተቀበሉት። ሌሎች ግን ከባዕድ አገር የተቀዳ፣ ኢትዮጵያዊነት የጎደለው ነው ሲሉ ነቀፉት። ነቀፋው ቀላል አልነበረም፤ የአገሩን ሰው ለማገልገል የተመለሰ ሠዓሊ በገዛ አገሩ እንደ እንግዳ መታየቱ ነበርና። ገብረ ክርስቶስ ግን ነቀፌታውን ፈርቶ ከመንገዱ አልተመለሰም።

በዚሁ ዘመን የሣለው ጎልጎታ የተባለው ሥራው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የስቅለት ታሪክ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የሚታይ የቆየ ርእስ ነው። ገብረ ክርስቶስ ግን የተለመደውን አሣሣል ትቶ፣ የተሰቀለውን አካል በደማቅ ቀይ ቀለም ገለጸው። ተመልካቹ ከመልክ ዝርዝር ይልቅ ሕማሙን ያያል። ርእሱ የአባቶቹ ነው፤ ትርጉሙን ከመልክ ማስቀደሙም ለአባቶቹ እንግዳ አልነበረም፤ አገላለጹ ግን የራሱ ነው።

ሠዓሊው በ1950 ዓ.ም. በተቋቋመው የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት አስተምሮ፣ ለአገራችን ዘመናዊ ሥዕል መስፋፋት ታላቅ ድርሻ አበረከተ። በ1958 ዓ.ም. ስለ ሥነ ጥበብ ሥራው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጠው። በአማርኛ ግጥምም የተደነቀ ነበር። በቤትና በአሰነኛኘት በኩል አዳዲስ መንገዶችን ሞክሯል። በተለይም በጀርመን አገር ሳለ የጻፈው ሀገሬ የተባለው ግጥሙ የአገር ናፍቆትን በመግለጽ እስከ ዛሬ በብዙ ሰው አንደበት ይነገራል።

ያ ናፍቆት በመጨረሻ ዘመኑ ተመልሶ ያዘው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የሥነ ጥበብ ሥራ ለአብዮቱ ቅስቀሳ እንዲውል በሚጠበቅበት ጊዜ፣ ገብረ ክርስቶስ አገሩን ለቅቆ ወደ ጀርመን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በመጋቢት ወር 1973 ዓ.ም. በኦክላሆማ ክፍለ ግዛት ሳለ፣ ሃምሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ዐረፈ። አገሩን እንደ ናፈቀ በባዕድ ምድር ቀረ።

ሥራው ግን እንደ እርሱ በስደት አልቀረም። ግጥሞቹ መንገድ ስጡኝ ሰፊ በሚል ርእስ በ1998 ዓ.ም. ታተሙ። በጀርመን አገር ተጠብቀው ከቆዩት ሥዕሎቹም ብዙዎቹ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስድስት ኪሎ የተቋቋመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምም በስሙ ተሰየመ። በሕይወት ሳለ ባዕድ ነው የተባለው ሥዕሉ፣ ከሞተ በኋላ የኢትዮጵያ ቅርስ ሆኖ በአገሩ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።