ኮንት ራምፎርድ፥ የሙቀትን ጠባይ ለግንበኛ ያስተማረ ሰው

በዛሬ ጊዜ ኃይል ቆጣቢ ቤት መሥራት የሚማሩ ወጣቶች፥ ከጡብና ከሲሚንቶ ሥራ ጋር ሙቀት ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ይማራሉ። ይህ ዕውቀት ለሊቃውንት ብቻ ሳይሆን ለግንበኛም ይገባል ብለው ቀድመው ከተነሡት ሰዎች አንዱ ኮንት ራምፎርድ ነው።

የመጀመሪያ ስሙ ቤንጃሚን ቶምሰን ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1753 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ ተወለደ። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተበት። በ13 ዓመቱ ከነጋዴ ቤት ገብቶ ሠራ፤ ኋላም ራምፎርድ በምትባል ከተማ መምህር ሆነ። አሜሪካውያን በእንግሊዝ ላይ በተነሡ ጊዜ እሱ ለንጉሡ ወገነ፤ በ1776 ሚስቱንና ልጁን ትቶ ወደ ለንደን ሄደ። ይህም በታሪኩ ላይ የቀረ ነቀፋ ነው።

ከዚያ በኋላ በጀርመን አገር ለባቫርያው መስፍን አገለገለ፤ የኮንትነትንም ማዕርግ አገኘ። የወታደሩን ልብስ ለማሻሻል ሲል ሱፍን፥ ጥጥን፥ ሐርንና ላባን መረመረ። ሙቀት እንዳያመልጥ ይበልጥ የሚከለክለው በክሩ መካከል ታስሮ የሚቀረው አየር መሆኑን ተረዳ። በብርድ ሌሊት ጋቢ የሚያሞቀን፥ በቤት ግድግዳም ውስጥ ሙቀት ከልካይ ነገር የሚሞላው በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚያን ዘመን የለንደን ቤቶች ምድጃ አፉ ሰፊ ስለ ነበረ፥ ሙቀቱ በጭስ ማውጫው ይወጣ፥ ጭሱም ተመልሶ ቤቱን ይሞላ ነበር። ራምፎርድ የጭስ ማውጫውን ጉሮሮ አጠበበ፤ የምድጃውን ጀርባ ወደ ፊት አቀረበ፤ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ እንዲመልሱም ጎኖቹን አጋደለ። አሠራሩን በ1796 ጽፎ ለሁሉ ገለጠ እንጂ ለራሱ ጥቅም አላስቀረውም።

ሊቃውንት ግን ሙቀት በዕቃ ውስጥ የሚፈስ ረቂቅ ነገር ነው ይሉ ነበር። ራምፎርድ በሙኒክ የመድፍ ፋብሪካ በፈረስ ጉልበት መድፍ ሲቦረቦር፥ በዙሪያው የተሞላው ውሃ ያለ እሳት በሁለት ሰዓት ተኩል ያህል እንዲፈላ አደረገ። መቦርቦሩ እስካልቆመ ድረስ ሙቀቱ አያልቅም። ስለዚህ ሙቀት እንቅስቃሴ እንጂ ዕቃ አይደለም ሲል በ1798 አስታወቀ። ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ጁል የሚባለው እንግሊዛዊ የሥራንና የሙቀትን ልክ መዝኖ አጸናው።

በ1799 በለንደን የሮያል ኢንስቲቱሽን እንዲቋቋም አደረገ። ከአሳቡ አንዱ የእጅ ሠራተኞች በዚያ እንዲማሩ ነበረ። ነገር ግን ድኻውን ሳይንስ ማስተማር ሁከት ያመጣል ብለው የፈሩ ባለጸጎች ስለ ተቃወሙ የሠራተኞቹ ትምህርት ቀረ። እሱም በ1802 ከለንደን ወጣ፤ በ1814 በፓሪስ አጠገብ ሞተ።

ያ የተከለከለ ትምህርት ዛሬ ለግንበኛው ደርሷል። እኛም ተማሪዎች፥ ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ያባቶቻችንን ቃል፥ ከመገንባትም መማር ይቅደም ብለን ብንጨምርበት መልካም ነው።