የቅርጫት ኳስ አባት፣ ግን ሽንፈት የበዛባቸው አሠልጣኝ

በአሜሪካ የሚገኘው የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ከመቶ ሃያ ዓመታት በላይ በዘለቀው ታሪኩ ከሁለት ሺህ በላይ ጨዋታዎችን አሸንፏል። በ1952፣ በ1988፣ በ2008 እና በ2022 የሀገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ኾኗል። ቡድኑን በየዘመኑ ከመሩት አሠልጣኞች መካከል ግን ከድላቸው ሽንፈታቸው የበለጠው አንድ ሰው ብቻ ናቸው። 55 ጊዜ አሸነፉ፤ 60 ጊዜ ተሸነፉ። እኒህ ሰው ቡድኑን የመሠረቱት፣ ከዚያም አልፎ ጨዋታውን ራሱን የፈጠሩት ዶክተር ጀምስ ናይስሚዝ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጀምስ ናይስሚዝ በኖቬምበር 6 ቀን 1861 በካናዳ ኦንታሪዮ፣ አልሞንት በተባለች ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ከስኮትላንድ ዘር ከሚመዘዝ ቤተሰብ ተወለደ። ገና ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው በ1870 የታይፎይድ ወረርሽኝ በቤተሰቡ ላይ ወደቀ። አባትና እናቱ በሳምንታት ልዩነት ተከታትለው ሞቱ። ጀምስ፣ እህቱ አኒ እና ታናሽ ወንድማቸው ሮቢ በአያታቸው እጅ ቀሩ፤ ብዙም ሳይቆይ አያታቸውም ዐረፉ። ሦስቱን ወላጅ አልባ ልጆች የሰበሰባቸው ሚስት ያላገባው የእናታቸው ወንድም ፒተር ያንግ ነበር።

አጎትየው ገበሬ ነው። በገበሬ ቤት ያደገ ልጅ ደግሞ ጨዋታን ከሥራ ለይቶ አያውቅም። ጀምስ እንጨት ይፈልጣል፣ ድርቆሽ ይከምራል፣ ፈረስ ይጠምዳል። በአንድ የቅዝቃዜ ወቅት መንገድ ለማሳጠር ሲል ጥንድ ፈረሶቹን በረዶ በሠራ ውኃ ላይ ሲነዳ በረዶው ተሰብሮ ፈረሶቹ ሰመጡ። ልጁ ብቻውን ታግሎ አወጣቸው። ቀና ሲል አጎቱ ከዛፎች ጥግ ቆሞ ሲመለከተው እንደነበር አየ። አጎትየው ሊያግዘው አልቀረበም፤ ልጁ ከገባበት ችግር በራሱ ብልሃት እንዲወጣ ፈልጎ ነበር። ጭካኔ የሚመስለው ይህ አስተዳደግ ኋላ ላይ በናይስሚዝ የአሠልጣኝነት ጠባይ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በመንደሩ ከቀጥቃጩ ቤት ጀርባ አንድ ትልቅ ድንጋይ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ከላዩ ትንሽ ድንጋይ አስቀምጠው፣ አንዱን ጠባቂ አድርገው፣ ሌሎቹ በየተራ ድንጋይ እየወረወሩ ትንሹን ለመጣል ይሞክራሉ። የሳተ ልጅ ጠባቂው ሳይነካው ሮጦ ድንጋዩን አንሥቶ መመለስ አለበት። በጉልበት አግድም የወረወረ ልጅ ከሳተ ድንጋዩ ርቆ ይሄድበታል፤ ለመመለስም ይቸገራል። ወደ ላይ አንሥቶ በቀስታ የወረወረ ግን ድንጋዩ ከአጠገብ ይወድቅለታል። ለልጆቹ ይህ የዕለት ጨዋታ ነበር። ከሃያ ዓመታት ገደማ በኋላ ግን ከዚያ ድንጋይ አጠገብ የተገኘው ዕውቀት ለአንድ መምህር ጭንቀት መፍትሔ ኾነ።

ጀምስ በ15 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በጫካ እንጨት ቆራጭነት ተሰማራ። አምስት ዓመታት ያህል በዚህ ሥራ ቆየ። በመጠጥ ቤት ሳለ እናቱን የሚያውቅ አንድ ሰው አግኝቶት ስለ እናቱ ክብር እንደገሠጸው፣ ከዚያን ቀን በኋላም መጠጥ እንዳልነካ ይነገራል። በሃያዎቹ መግቢያ ከእርሱ በዕድሜ ከሚያንሱ ልጆች ጋር ተቀምጦ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰ፤ በ1883 ሞንትሪያል ወደሚገኘው ማጊል ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1887 ተመረቀ፤ ቀጥሎም በፕሬስቢቴሪያን ኮሌጅ የነገረ መለኮት ትምህርቱን በ1890 አጠናቀቀ። ቤተሰቡ የሚጠብቀው ሰባኪ እንዲኾን ነበር። እርሱ ግን በኳስ ሜዳ ላይ ያሉ ወጣቶችንም በመልካም ጠባይ ማነጽ ይቻላል ብሎ አመነ። እህቱ አኒ ይህን ውሳኔ በበጎ አልተቀበለችውም።

በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ ወደሚገኘው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ በሀገራችን ወወክማ ተብሎ በሚጠራው ድርጅት፣ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት አቀኑ፤ ብዙም ሳይቆዩ በዚያው መምህር ኾኑ። በ1891 መገባደጃ የክፍሉ ኃላፊ ሉተር ጉሊክ አንድ ከባድ ሥራ ሰጧቸው። በበልግና በጸደይ በሜዳ የሚጫወቱት ጎልማሳ ሠልጣኞች ብርዱ ሲገባ በአዳራሽ ውስጥ ከሚሠራው አሰልቺ የጅምናስቲክ እንቅስቃሴ ጋር መስማማት አልቻሉም ነበር። ክፍሉን አስቀድመው የያዙ ሁለት መምህራን ሞክረው ተውት። ናይስሚዝ ለዚህ ክፍል የሚኾን አዲስ የአዳራሽ ጨዋታ እንዲያገኙ ሁለት ሳምንታት ተሰጣቸው።

በመጀመሪያ የታወቁትን የሜዳ ጨዋታዎች ወደ አዳራሽ ለማስገባት ሞከሩ። አልሠራም፤ በጠባብ ቦታና በእንጨት ወለል ላይ መገፋፋቱ ጉዳት አመጣ። ቀኑ ሊያልቅ ሲል ነገሩን ከሥሩ መመርመር ያዙ። ሰው ተጫዋችን ጠልፎ የሚጥለው ለምንድን ነው? ኳስ ይዞ ስለሚሮጥ ነው። እንግዲያው ኳስ ይዞ መሮጥ ቢከለከል መጠላለፉም ምክንያት ያጣል። ጎሉስ? ፊት ለፊት የቆመ ጎል ኳስን በኀይል ለመምታት ይጋብዛል። እዚህ ላይ የልጅነቱ ድንጋይ መጣላቸው። ጎሉ ከሰው ራስ በላይ ኾኖ አፉ ወደ ሰማይ ቢከፈት፣ ኳሱ ወደ ላይ ተነሥቶ በቀስታ መውረድ ይኖርበታል፤ ጉልበት ሳይኾን ልክ ያሸንፋል።

ለጎል የሚኾኑ ሁለት ሳጥኖች እንዲያመጣላቸው የሕንፃውን ሠራተኛ ጠየቁት። ሳጥን አልነበረም፤ ሠራተኛው ያገኘው ሁለት የኮክ ማጓጓዣ ቅርጫቶችን ነበር። በደጋማው የሀገራችን ክፍል በየጓሮው የሚበቅለው ኮክ፣ ተለቅሞ ገበያ የሚወጣበት ቅርጫት፣ ለዓለም ስፖርት ስሙን ሰጠ ማለት ነው። ሳጥን ተገኝቶ ቢኾን ኖሮ ጨዋታው ዛሬ በሌላ ስም ይጠራ ነበር። ቅርጫቶቹ ከአዳራሹ ሰገነት የታችኛው አግዳሚ እንጨት ላይ ተቸነከሩ። የእንጨቱ ከፍታ 10 ጫማ፣ ማለትም 3.05 ሜትር ኾኖ ተገኘ። የቅርጫቱ ከፍታ እስከ ዛሬም ከዚህ ፈቀቅ አላለም።

በዲሴምበር 21 ቀን 1891 አሥራ ስምንት ሠልጣኞች ዘጠኝ ዘጠኝ ኾነው ገጠሙ። ከመካከላቸው ካናዳውያንና አንድ ጃፓናዊ ነበሩ። በግድግዳው ላይ በታይፕ የተጻፉ 13 ሕጎች ተለጥፈዋል፤ ኳስ ይዞ መሮጥ፣ መግፋት፣ መያዝና መጥለፍ ክልክል ነው፤ ጨዋታው ለሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ ነው። ኳሱ የእግር ኳስ ነበር። በዕለቱ የተቆጠረችው አንዲት ጎል ብቻ ነበረች። የቅርጫቱ ታች ዝግ ስለነበር ጎል በተቆጠረ ቁጥር መሰላል ተወጥቶ ኳሱ ይወርድ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ጨዋታው በመምህሩ ስም እንዲጠራ ሐሳብ ቢያቀርብም ናይስሚዝ ስቀው አለፉት።

ናይስሚዝ በ1895 ወደ ዴንቨር ተሻግረው በወወክማ እያገለገሉ ሕክምና ተማሩ፤ በ1898 ዶክተር ኾኑ። በዚያው ዓመት የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የጠዋት ጸሎትን የሚመራና የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትን የሚያስተምር ሰው ይፈልግ ነበር። በሺካጎ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት የስፕሪንግፊልድ ባልደረባቸው አሞስ አሎንዞ ስታግ ስማቸውን ጠቆሙ። እናም ሐኪሙ፣ የነገረ መለኮት ምሩቁና የአዲሱ ጨዋታ ፈጣሪ በስንዴ ማሳዎች ወደታወቀችው ካንሳስ፣ ወደ ሎውረንስ ከተማ መጡ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ዩኒቨርሲቲው የቀጠራቸው ለቅርጫት ኳስ ብሎ አልነበረም።

ቡድኑ የመጀመሪያ ጨዋታውን በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1899 ከካንሳስ ሲቲ ወወክማ ጋር አድርጎ 16 ለ 5 ተሸነፈ። እንደ ዛሬው በሺህ የሚቆጠር ተመልካች የሚይዝ ቤት አልነበረም። አሠልጣኙ ራሳቸው አንዳንድ ጊዜ ጨዋታውን ይዳኙ ነበር። ለእርሳቸው ጨዋታው የአካልና የጠባይ ማነጫ እንጂ የድል መቁጠሪያ አልነበረም፤ ወጣቶቹም እንደ በረዶው ላይ ፈረሶች ከችግራቸው በራሳቸው ብልሃት እንዲወጡ ይተዋቸው ነበር። 60 ሽንፈቶችን በዚህ ብቻ መተርጎም ግን ለእርሳቸው ማድላት ይኾናል፤ ልምምድና ዕቅድ ጨዋታን እንደሚለውጥ ከእርሳቸው ይልቅ የተረዳው ተማሪያቸው ነበር።

ያ ተማሪ ፎረስት አለን፣ በቅጽል ስሙ ፎግ አለን ነው። በካንሳስ ቡድን ተጫውቶ ወደ አሠልጣኝነት ሲያመራ ናይስሚዝ ይህ ጨዋታ የሚጫወቱት እንጂ የሚያሠለጥኑት አይደለም ብለው ሊመልሱት ሞክረው ነበር። አለን ግን ነጻ ውርወራና ቅብብልን ማስተማር እንደሚቻል ጸንቶ አመነ። በ1907 ቡድኑን ከመምህሩ ተረከበ። ለሁለት ዓመታት ከመራው በኋላ ሄዶ በ1919 ተመለሰ፤ እስከ 1956 ድረስም ቆየ። በካንሳስ ብቻ 590 ጨዋታዎችን አሸነፈ። ሁለቱ ሰዎች ስለ ጨዋታው ዓላማ ሳይስማሙ በአንድ ግቢ ውስጥ በመከባበር ዓመታትን አሳለፉ።

ናይስሚዝ ከአሠልጣኝነቱ ከወረዱ በኋላ መምህርነታቸውን ቀጠሉ። በ1916 ከካንሳስ ወታደሮች ጋር በሜክሲኮ ድንበር በቄስነት አገለገሉ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም በፈረንሳይ በወወክማ በኩል ወታደሮችን ሲያገለግሉ ቆይተው በ1919 ተመለሱ። የአሜሪካን ዜግነት ያገኙት በ1925 ነው። ከፈጠሩት ጨዋታ ሀብት አላፈሩም።

በሕይወታቸው መጨረሻ ዓመታት የሠሩት አንድ ሥራ በድል መዝገብ አይገኝም። በ1933 ጆን ማክሌንደን የተባለ ጥቁር ወጣት ወደ ዩኒቨርሲቲው መጣ። በዚያ ዘመን ጥቁር ተማሪ በካንሳስ የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ መጫወት አይፈቀድለትም ነበር። ጨዋታው በተወለደ በአርባ ዓመቱ፣ ፈጣሪው በሚያስተምሩበት ግቢ፣ ለአንድ ወጣት በሩ ዝግ ነበር። አባቱ በነገሩት መሠረት ማክሌንደን በቀጥታ ወደ ናይስሚዝ ቢሮ ሄደ፤ አዛውንቱም አማካሪው ኾኑ። የመዋኛ ገንዳው ለጥቁር ተማሪዎች እንዳይከለከል በተደረገው ትግልም ከጎኑ ቆሙ። ኾኖም የቡድኑን በር አላስከፈቱለትም፤ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች የካንሳስን ማሊያ የለበሰው በ1951 ነው። ማክሌንደን በ1936 ተመርቆ በሰሜን ካሮላይና አሠልጣኝ ኾነ፤ ፈጣን የማጥቃት ስልትን ካስፋፉት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር። በቴኔሲ ስቴት ሳለ ከ1957 እስከ 1959 ሦስት ተከታታይ ብሔራዊ ዋንጫዎችን ወሰደ። ናይስሚዝ ማሠልጠን አያስፈልገውም ያሉት ጨዋታ ሁለት ታላላቅ አሠልጣኞችን ከእርሳቸው እጅ አወጣ።

በ1936 ቅርጫት ኳስ በበርሊን ኦሊምፒክ በይፋ ገባ። ለዚህ ብዙ የደከመው አለን ነበር፤ የአሠልጣኞች ማኅበርም መምህሩን ወደ በርሊን የሚልክ ገንዘብ አሰባሰበ። የፍጻሜው ጨዋታ ለቴኒስ በተሠራ የአፈር ሜዳ ላይ፣ በውጭ፣ በዝናብ ውስጥ ተካሄደ። ከብርድ ለመሸሽ ለአዳራሽ የተፈጠረው ጨዋታ ጭቃ ውስጥ ገባ፤ ኳስ መሬት ላይ ማንጠር አልተቻለም። አሜሪካ ካናዳን 19 ለ 8 አሸነፈች። የ74 ዓመቱ አዛውንት ለተወለዱባት ሀገርም ዜግነት ላገኙባት ሀገርም ሜዳልያ አጠለቁ።

በ1937 ጡረታ ወጡ፤ በዚያው ዓመት በ1894 ያገቧቸው ባለቤታቸው ማውድ ሸርማን ዐረፉ። ናይስሚዝ በኖቬምበር 28 ቀን 1939 በአንጎል ደም መፍሰስ በሎውረንስ አረፉ፤ በዚያው ተቀበሩ። የጨዋታውን አመጣጥ የሚተርከው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1941 ነው።

ካንሳስ ዛሬ የሚጫወትበት በ1955 የተከፈተው አዳራሽ በተማሪው በአለን ስም ይጠራል፤ የመጫወቻው ወለል ደግሞ በመምህሩ ስም። በ1891 ግድግዳ ላይ የተለጠፉት 13 ሕጎች የሰፈሩባቸው ሁለት ገጾች በ2010 በኒው ዮርክ ለጨረታ ቀርበው አንድ የዩኒቨርሲቲው ምሩቅ በ4.3 ሚሊዮን ዶላር ገዛቸው። ወረቀቶቹ አሁን ከአዳራሹ ጎን በተሠራ ሕንፃ ውስጥ ለጎብኚዎች ይታያሉ።