አልድረድ ስኮት ዋርቲን

አልድረድ ስኮት ዋርቲን (1866–1931 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የፓቶሎጂ ሊቅና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበሩ። በተለይ የሚታወቁት በዘር በሚወረስ የካንሰር ተጋላጭነት ላይ ባደረጉት ጥናት ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. ልብስ ሰፊያቸው ብዙ ዘመዶቿ በካንሰር ስለ ሞቱ እሷም በዚሁ በሽታ ገና በወጣትነቷ እንደምትሞት ነገረቻቸው። እንደ ፈራችውም በማሕፀን ካንሰር ሞተች። ዋርቲን የቤተሰቧን የዘር ሐረግ መዝግበው በ1913 እ.ኤ.አ. አሳተሙ።

በኋላ ሄንሪ ሊንች ጥናቱን ቀጠለበት፤ በሽታው ዛሬ ሊንች ሲንድሮም ይባላል። መንስኤው የዲ.ኤን.ኤ. ቅጂ ስሕተትን የሚያርሙ ጂኖች ጉድለት ነው። ጉድለቱን ከወላጅ የወረሰ ሰው ሁሉ አይታመምም፤ ነገር ግን የአንጀትና የማሕፀን ካንሰር አደጋው ከፍ ይላል። የቤተሰቡን ታሪክ አውቆ በየጊዜው የሚመረመር ሰው በሽታው ሳይባባስ ሊደረስበት ይችላል።