ሰር ሃሪ ሪካርዶ፦ የሞተርን ክዳን ያሻሻሉ መሐንዲስ

እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሃሪ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1885 በለንደን ተወለዱ። አባታቸው የሕንፃ ነዳፊ ነበሩ፤ የልጁ ዝንባሌ ግን ወደ ሞተር ነበር። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር በርትራም ሆፕኪንሰን ሥር ተምረው በሞተር ምርምር ተሠማሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ታንኮች የሚለቁት ጭስ ለጠላት ያጋልጣቸው ስለ ነበር፣ ጭሱ አነስተኛ የሆነ ባለ 150 የፈረስ ጉልበት ሞተር ነደፉ።

ስማቸውን ይበልጥ ያስጠራው ግን በቴስታታ፣ ማለትም ሲሊንደሩን ከላይ በሚከድነው ክፍል ላይ የሠሩት ሥራ ነው። በዚያ ዘመን የርካሽ ሞተሮች ቫልቭ ከሲሊንደሩ ጎን ስለሚቆም፣ የመቃጠያው ክፍል ሰፊና ጠፍጣፋ ነበር። የካንዴላው እሳት እስኪዳረስ ድረስ በዳር የቀረው ጋዝ በራሱ በድንገት ይፈነዳና ሞተሩ ያንኳኳል፤ ፒስተኑም ይጎዳል።

ሪካርዶ የለወጡት የክዳኑን ቅርጽ ነው። መቃጠያውን ወደ ቫልቮቹ ሰብስበው፣ በፒስተኑ አናት ላይ ጠባብ ክፍተት ብቻ አስቀሩ። ፒስተኑ ሲወጣ ጋዙ ከዚያ ተጨምቆ እየተናወጠ ወደ መቃጠያው ስለሚገባ፣ እሳቱ ፈጥኖ ይዳረሳል። ርካሹ ሞተርም ሳያንኳኳ የበለጠ ጉልበት ሰጠ። በ1931 ደግሞ ኮሜት የተባለውን የናፍጣ ሞተር ክዳን አወጡ፤ በውስጡ ባለች ትንሽ ጓዳ አየሩ እየተሽከረከረ ከናፍጣው ጋር በሚገባ ይዋሐዳል። ከሼል ኩባንያ ጋር በመሥራትም የተለያዩ ቤንዚኖችን የማንኳኳት ጠባይ መረመሩ። ይህ ሁሉ የሆነው በ1938 በኩዌት የቡርጋን ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት ነው።

በሹወይኽ ጋራዦች የሚሠሩ ወገኖቻችን የሚያወርዱት የቤት መኪና ቴስታታ ዛሬ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ ነው። አሉሚኒየም ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት ይልቅ ቀላል ነው፤ ሙቀትንም ፈጥኖ ያስተላልፋል። ነገር ግን ለስላሳ ስለ ሆነ በቫልቮቹ መቀመጫ ላይ ጠንካራ ቀለበት ይገባለታል። በሙቀትም አብዝቶ ስለሚለጠጥ፣ የማቀዝቀዣው ውሃ ከጎደለ ይጣመማል፤ ጋስኬቱም ይበላሻል። ሙቀቱ 50 ዲግሪ በሚደርስበት የኩዌት በጋ የሞተሩን የሙቀት መለኪያ ችላ ማለት ብዙ ዲናር ያስከፍላል።

ሪካርዶ በ1948 የሰርነት ማዕረግ ተቀበሉ፤ በ1974 በ89 ዓመታቸው ዐረፉ። ጋዙን የሚያናውጠው ጠባብ ክፍተት ግን በዛሬዎቹ ሞተሮችም እያገለገለ ነው።